ጣቢያው ሳይተከል የተሰነጠቀው ምድር፦ የዳባሁ የስምጥ ክስተት እና የጂፒኤስ ልኬት

በ1998 ዓ.ም. መስከረም ወር በአፋር ክልል ዳባሁ ከተባለው እሳተ ገሞራ ተነስቶ ወደ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘልቅ መሬት በጥቂት ቀናት ውስጥ ግራና ቀኝ ተለያየ። ከመስከረም 4 እስከ 24 (እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 14 እስከ ኦክቶበር 4 ቀን 2005) መጠናቸው ከ3.9 በላይ የሆኑ 163 የመሬት መንቀጥቀጦች ተመዘገቡ። መስከረም 16 ቀን፣ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ደመራ በሚለኮስበት ዕለት፣ ዳኡሬ በተባለው ቦታ መሬቱ አፉን ከፍቶ አመድና ድንጋይ ወደ ሰማይ ወረወረ። አካባቢው በአመድ ጨለመ፤ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን እየነዱ ቀያቸውን ለቀው ወጡ። ቆይቶ የተሠራው ስሌት እንዳሳየው ከ2 እስከ 9 ኪሎ ሜትር ባለው ጥልቀት ውስጥ 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር የሚገመት ቅልጥ አለት ቀጥ ብሎ እንደቆመ ግድግዳ ሆኖ በመግባት የስንጥቁን ሁለት ወገኖች እስከ 8 ሜትር ድረስ አራርቋቸዋል። የመሬትን እንቅስቃሴ በሳተላይት መለካት ከተጀመረ ወዲህ በየብስ ላይ ከታዩት የዚህ ዓይነት ክስተቶች እስከዚያን ጊዜ ድረስ ይህን የሚያህል አልነበረም።

ይህ ሁሉ ሲሆን በስንጥቁ ግራና ቀኝ ቀንና ሌሊት የሚለካ አንድም ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያ አልነበረም። የዚህ ጥናት ጉዳይ ይኸው ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጣቢያዎች ተተክለው ምን እንዳስተማሩን በዝርዝር የምናውቅ በመሆኑ በዚያች የመስከረም ሳምንት ያመለጠን ነገር ምን እንደነበር በትክክል መናገር እንችላለን። የመሬት ሳይንስ ምርምርን በከፍተኛ ትክክለኛነት በሚለኩ የሳተላይት ጣቢያዎች መደገፍ ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ከአገራችን ምድር ማግኘት ይከብዳል።

ቦታው

አፋር ሦስት የመሬት ቅርፊት ፕሌቶች የሚለያዩበት መገናኛ ነው። በምዕራብ የኑቢያ፣ በደቡብ ምሥራቅ የሶማሊያ፣ በሰሜን ምሥራቅ የአረቢያ ፕሌት እያንዳንዳቸው በየራሳቸው አቅጣጫ ይጓዛሉ። በዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ኑቢያና ሶማሊያ የሚለያዩት በዓመት 5 ሚሊሜትር አካባቢ በሆነ ፍጥነት ሲሆን፣ በአፋር ደግሞ አረቢያ ከኑቢያ የምትርቀው በዓመት ከ15 እስከ 20 ሚሊሜትር በሚደርስ ፍጥነት ነው። እነዚህን ቁጥሮች ከዳባሁ 8 ሜትር ጎን ስናስቀምጣቸው የክስተቱ ግዝፈት ይገለጣል፤ ሁለቱ ፕሌቶች በዘወትር ፍጥነታቸው ቢጓዙ ያንን ርቀት ለመሸፈን ከ400 ዓመት በላይ ይፈጅባቸው ነበር። ከዚህ የምንረዳው የስምጥ ሸለቆ አካሄድ አንድ ወጥ አለመሆኑን ነው። መሬቱ ለብዙ መቶ ዓመታት እየተለጠጠ ውጥረት ያጠራቅማል፣ ከዚያም ቅልጥ አለት ከታች ገብቶ የተጠራቀመውን በቀናት ውስጥ ይለቀዋል።

በአገራችን ይህን እንቅስቃሴ ለመለካት የተደረገው ጥረት ከጂፒኤስ በፊት የጀመረ ነው። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በፒየር ጉዋን መሪነት ሥራ ጀምሮ የመሬት መንቀጥቀጥን ሲመዘግብ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ ደግሞ ፖል ሞር በዋናው ስምጥ ሸለቆ ግራና ቀኝ ምልክቶችን ተክሎ በብርሃን ጨረር ርቀት በሚለካ መሣሪያ በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካ። ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ፣ እነዚያው ምልክቶች በጂፒኤስ ተለክተው ስምጥ ሸለቆው በዓመት 4.5 ሚሊሜትር ገደማ እየሰፋ መሆኑን የሚያመለክት ውጤት ተገኘ። ይህን ታሪክ የማነሣው ለጉዳዩ ስለሚጠቅም ነው። በጥንቃቄ አለት ላይ የተተከለ አንድ ምልክት ተካዩ ባላሰበው መሣሪያና ባላሰበው ዘመን ጭምር ያገለግላል፤ ያ ምልክት በጊዜው ባይተከል ኖሮ ግን በኋላ የመጣው መሣሪያ ምንም ያህል ቢራቀቅ ያለፉትን ሃያ ዓመታት መልሶ ሊለካቸው አይችልም ነበር።

በመስከረም 1998 ምን ታየ፣ ምን ሳይታይ ቀረ

ክስተቱን መጀመሪያ ያሳወቁት በአካባቢው ያሉ ሰዎችና የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያዎች ናቸው። የአፋር አርብቶ አደር በመንገድ ላይ የተገናኘውን ሰው ዜና ሳይጠይቅና ሳይነግር አያልፍም፤ ዳጉ በሚባለው በዚህ ሥርዓት ወሬ ከአውቶሞቢል ፈጥኖ እንደሚደርስ አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክራል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስና የጂኦሎጂ ባለሙያዎች፣ ከእነዚህም መካከል ፕሮፌሰር አታላይ አየለና ፕሮፌሰር ገዛኸኝ ይርጉ፣ ከውጭ የሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የተከሰተውን ማጥናት ጀመሩ። ዳኡሬ ላይ የደረሱ ተመራማሪዎች ያገኙት ግማሽ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ጠርዙ ገና ስለት ያለው አዲስ ገደል ነበር። ዙሪያው በአመድ ተሸፍኗል፤ ከዚያ ወደ ደቡብ ደግሞ ከዚያ በፊት ያልነበሩ ስንጥቆችና በሜትር የሚቆጠር ከፍታ ያላቸው የመሬት እርከኖች ለብዙ ኪሎ ሜትር ተዘርግተው ነበር።

የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎቹ የነገሩን ጠቃሚ ቢሆንም ጎዶሎ ነው። በቲም ራይት መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው ጥናት እንዳሳየው በመንቀጥቀጥ የተለቀቀው ኃይል ከታየው የመሬት ለውጥ ውስጥ ሊያስረዳ የሚችለው 8 በመቶውን ብቻ ነው። ቀሪው 92 በመቶ ያለ ጉልህ መንቀጥቀጥ፣ ቅልጥ አለቱ አለቱን እየገፋ ሲገባ የተፈጸመ ነው። እንግዲህ በዚያ ሳምንት የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ተመራማሪ ከጉዳዩ አብዛኛውን አላየም ማለት ነው። በእኔ እምነት በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከ8 ሜትሩም ይልቅ ትልቁ ቁጥር ይህ 8 በመቶ ነው፤ ምክንያቱም በስምጥ ሸለቆ አገር የመሬት መንቀጥቀጥን መመዝገብና የመሬትን መፈናቀል መለካት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን፣ አንዱ ሌላውን እንደማይተካ ያረጋግጣል።

ቀሪውን ያሳየው ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሣቸውን የራዳር ምስሎች በማነጻጸር የመሬቱ ገጽ በእያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ማስላት ተችሏል። 60 ኪሎ ሜትሩ፣ 8 ሜትሩና 2.5 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትሩ የተገኙት ከዚህ ነው። ይህ ዘዴ ሰፊ ቦታ በአንድ ጊዜ ይሸፍናል፣ ሰው የማይደርስበትን በረሃም ያያል፤ ኤንቪሳት ግን በአንድ መስመር ላይ ተመልሶ የሚያልፈው በ35 ቀን አንዴ ነበር። ስለዚህ ምስሉ በፊት የነበረውንና በኋላ የሆነውን ያሳያል እንጂ በመካከሉ ያለውን ሂደት አያሳይም። ስንጥቁ ከሰሜን ጀምሮ ወደ ደቡብ ሄደ ወይስ ከመካከል ተነሣ? በስንት ሰዓት ስንት ሜትር ከፈተ? የዳኡሬ ፍንዳታ ከመሆኑ በፊት መሬቱ በዚያ አካባቢ አብጦ ነበር ወይ? አብዛኛው ቅልጥ አለት የገባው ከአንድ ሳምንት ባነሰ ጊዜ እንደሆነ የተገመተውም ከመንቀጥቀጦቹ የጊዜ ቅደም ተከተል ነው፤ የመክፈቱን ፍጥነት በቀጥታ የለካ መሣሪያ ግን የለም። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ቋሚ ጣቢያዎች ቢኖሩ ኖሮ እነዚህ ጥያቄዎች በሰዓት ደረጃ ይመለሱ ነበር።

ጣቢያው ምንድን ነው

በኪስ ስልካችን ውስጥ ያለው ጂፒኤስ ያለንበትን ቦታ በጥቂት ሜትሮች ስህተት ይነግረናል። ለመሬት ሳይንስ የሚተከለው ጣቢያ የሚቀበለው የእነዚያኑ ሳተላይቶች ምልክት ነው፤ ልዩነቱ በአቀባበሉና በስሌቱ ላይ ነው። 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች የሚልኩት የሬዲዮ ሞገድ በዋናው ድግግሞሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ 19 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ስልኩ በሞገዱ ላይ የተጫነውን ኮድ ብቻ ሲያነብ የምርምር ጣቢያው ሞገዱ ራሱ ከርዝመቱ በየትኛው ነጥብ ላይ እንደደረሰ ይለካል፤ ይህን አንድ መቶኛ በሚሆን ትክክለኛነት ስለሚለካ ከ19 ሴንቲሜትር ወደ 2 ሚሊሜትር መውረድ ይቻላል። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ስህተቶችን አንድ በአንድ ማጥራት ነው።

ከስህተቶቹ መካከል ለእኛ አገር የሚከብደው የላይኛው ከባቢ አየር የሚያመጣው ነው። ኢትዮጵያ የምትገኘው በምድር መግነጢሳዊ ወገብ አቅራቢያ በመሆኑ ከላይ ያለው በኤሌክትሪክ የተሞላ የአየር ንጣፍ እዚህ ወፍራምና ተለዋዋጭ ነው፤ የሳተላይቱ ምልክት ሲያልፍበት ይዘገያል፣ በተለይ ፀሐይ ከገባች በኋላ ባሉት ሰዓታት ምልክቱ ሊቆራረጥ ይችላል። የምርምር ጣቢያዎች በሁለት የተለያዩ ድግግሞሾች የሚቀበሉት ለዚህ ነው፤ መዘግየቱ በሁለቱ ላይ እኩል ስላልሆነ ልዩነቱን በማስላት አብዛኛውን ስህተት ማስወገድ ይቻላል። በታችኛው አየር ውስጥ ያለው እርጥበት የሚያመጣው መዘግየት ግን በዚህ መንገድ አይጠፋም፤ ከስሌቱ ጋር አብሮ መገመት አለበት። በነገራችን ላይ ለመሬት ሳይንቲስቱ ስህተት የሆነው ይህ መዘግየት ለሚቲዎሮሎጂ ባለሙያ በአየር ውስጥ ያለውን የውኃ ተን መጠን የሚነግር መረጃ ነው፤ አንድ ጣቢያ ከአንድ በላይ ለሆኑ ሙያዎች የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው።

የሳተላይቶቹን ትክክለኛ ምህዋር የሚያሰላው እ.ኤ.አ. በ1994 በይፋ ሥራ የጀመረው ዓለም አቀፍ የጂኤንኤስኤስ (የጂፒኤስና የመሰል የሳተላይት ሥርዓቶች የጋራ ስም) አገልግሎት ነው፤ ውጤቱንም ለማንም በነፃ ይሰጣል። ይህ አገልግሎት የሚቆመው በመላው ዓለም በተተከሉ ጣቢያዎች ላይ ሲሆን በአዲስ አበባ የሚገኘውና አዲስ በሚል ምህጻረ ስም የሚታወቀው ጣቢያ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አንዱ ሆኗል። የዚህ ጣቢያ መረጃ አዲስ አበባ ከኑቢያ ፕሌት ጋር በዓመት ወደ 3 ሴንቲሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እንደምትጓዝ ያሳያል። በአፋር ያለ ጣቢያ የሚለካው እንቅስቃሴ ትርጉም የሚያገኘው ይህ የጋራ ጉዞ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ሩቅ የሚመስለው የአዲስ አበባ ጣቢያ ለአፋሩ ልኬት መሠረቱ ነው።

አሁን ወደ በረሃው እንመለስ። ጥሩ ጣቢያ የሚጀምረው ከአለት ነው። አፈር በዝናብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በእሱ ላይ የተተከለ አንቴና የሚለካው የአፈሩን እስትንፋስ እንጂ የፕሌቱን ጉዞ አይደለም። ስለዚህ ጠንካራ ባዛልት ተፈልጎ ይቦረቦራል፣ የማይዝግ ብረት በማጣበቂያ ተደርጎ ይተከላል፣ አንቴናው በብረቱ ጫፍ ላይ ይታሰራል፣ ወደ ሰሜን ይቀናል። ክቡ አንቴና ከሥሩ እርስ በርስ የተካተቱ የብረት ቀለበቶች አሉት፤ ሥራቸው ከመሬትና ከአካባቢው ድንጋይ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ምልክት ማስቀረት ነው። ከአንቴናው የሚወጣው ገመድ በቱቦ ውስጥ አልፎ ወደ አንድ የብረት ሳጥን ይገባል፤ በሳጥኑ ውስጥ ተቀባዩ መሣሪያ፣ ባትሪዎችና የሶላሩ መቆጣጠሪያ አሉ። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር ባትሪ ቶሎ ይደክማል፤ አቧራ የሶላሩን ፓኔል ሸፍኖ ኃይል ይቀንሳል፤ ገመዱን እንስሳት ሊበሉት ይችላሉ። በአገራችን ብዙ ጊዜ ጣቢያዎች በትምህርት ቤት ወይም በጤና ጣቢያ ግቢ የሚተከሉት፣ ዘበኛ የሚቀጠርላቸውም ለዚህ ነው። በአፋር ደግሞ ማንኛውም ነገር ከመተከሉ በፊት ከጎሳ መሪዎችና ከአካባቢው ሽማግሌዎች ጋር መነጋገር የግድ ነው፤ መሬቱ የእነሱ ነው፣ መሣሪያው ምን እንደሚሠራ የማወቅም መብት አላቸው።

ከ1998 በኋላ የተመዘገበው

ከክስተቱ በኋላ የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያዎችና የጂፒኤስ ጣቢያዎች በስንጥቁ ዙሪያ ተተከሉ። በብሪታንያ የተፈጥሮ አካባቢ ምርምር ምክር ቤት ድጋፍ የተቋቋመው የአፋር ስምጥ ጥምረት፣ የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች፣ በኢትዮጵያ በኩል ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኢትዮጵያ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ በሥራው ተሳተፉ። መሬቱም ብዙ አላስጠበቃቸውም። ከሰኔ 1998 እስከ ግንቦት 2002 ዓ.ም. ባሉት አራት ዓመታት 13 ተጨማሪ የቅልጥ አለት ግድግዳዎች በዚያው ስንጥቅ ውስጥ ገቡ፤ ከእነዚህ ሦስቱ፣ በነሐሴ 1999፣ በሰኔ 2001 እና በግንቦት 2002፣ እስከ ገጸ ምድር ደርሰው ባዛልት አፈሰሱ።

አንድ ጣቢያ ይህን ሲመዘግብ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል። የጣቢያው የየዕለት አቀማመጥ በነጥብ ይሳላል፤ አግድም መስመሩ ቀን፣ ቋሚው ሚሊሜትር ነው። በተራ ጊዜ ነጥቦቹ ሁለትና ሦስት ሚሊሜትር ወደላይና ወደታች እየተበተኑ ቀስ ብሎ የሚወጣ ቀጭን መስመር ይሠራሉ፤ የዚያ መስመር ዝንባሌ የፕሌቱ ፍጥነት ነው። ቅልጥ አለት በገባ ዕለት መስመሩ ይቆረጣል። የትናንቱና የዛሬው ነጥብ መካከል፣ ጣቢያው ከስንጥቁ ባለው ርቀት መጠን፣ ከጥቂት እስከ ብዙ ሴንቲሜትሮች የሚደርስ እርከን ይታያል፤ ከስንጥቁ በስተምዕራብ ያለው ጣቢያ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በስተምሥራቅ ያለው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይዘላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው መስመር ደግሞ ወደ ቀድሞ ዝንባሌው ወዲያው አይመለስም፤ ቀጥ ብሎ ይነሳና ቀስ በቀስ ጎበጥ ይላል። የራዳር ምስል እርከኑን በሚገባ ያሳያል። ጉብታውን፣ ማለትም መሬቱ ከክስተቱ በኋላ በየቀኑ እንዴት እንደሚረጋጋ፣ ያለ ክፍተት የሚያሳየው ግን ቋሚው ጣቢያ ነው።

በዚህ ክትትል ብዙ ነገር ተለየ። ኋለኞቹ ግድግዳዎች ከስንጥቁ መካከል፣ አዶ አሌ ከተባለው የገሞራ ስብስብ ሥር ካለ ምንጭ እየተነሡ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ በሰዓታት ውስጥ እንደሚጓዙ ከመንቀጥቀጦቹ ጉዞና ከመሬቱ መፈናቀል ታወቀ። በመጀመሪያው ታላቅ ክስተት ግን አብዛኛው ቅልጥ አለት በሰሜን ጫፍ ካሉት ከዳባሁና ከጋብሆ እሳተ ገሞራዎች ሥር እንደመጣ ይታሰባል። የምንጩ ቦታ እንዲህ መለያየቱ የስንጥቁ ሥር ያለው የቅልጥ አለት አቅርቦት ከአንድ በላይ ማከማቻ እንዳለው አመለከተ። በመሐመድኑር ደሲሳ መሪነት የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው በምድር ውስጥ የኤሌክትሪክ ስርጭትን የሚለካ ጥናት ደግሞ በስንጥቁ ሥር በጥልቁ ቢያንስ 500 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ቅልጥ አለት እንዳለ ገመተ። በመስከረም 1998 የገባው 2.5 ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ነው።

ከሁሉ በላይ ክርክር ያስነሳው ከክስተቱ በኋላ የነበረው ፍጥነት ነበር። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ያሉ ጣቢያዎች ከዘወትሩ የፕሌት ፍጥነት በብዙ እጥፍ እየፈጠኑ ሲራራቁ ታየ። አንዱ ማብራሪያ ከቅርፊቱ ሥር ያለው ትኩስ አለት ለድንገተኛው ጭንቀት እንደ ወፍራም ማር ቀስ እያለ በመፍሰስ ምላሽ እየሰጠ ነው የሚል ሲሆን፣ ይህ እውነት ከሆነ ከእርጋታው ፍጥነት ተነስቶ የጠንካራውን ቅርፊት ውፍረትና ከሥሩ ያለውን አለት ውፍረ ፈሳሽነት፣ ማለትም ምን ያህል በዝግታ እንደሚፈስ፣ ማስላት ይቻላል። ሌላው ማብራሪያ ማከማቻዎቹ እንደገና በቅልጥ አለት እየተሞሉ መሬቱን እየገፉት ነው ይላል። ሁለቱ በአጭር ጊዜ መረጃ ተመሳሳይ ስለሚመስሉ ለመለየት ዓመታት የሚዘልቅ፣ ያልተቋረጠ የጣቢያ መረጃ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ጣቢያ መትከልና ጣቢያ ማቆየት የሚለያዩት። የአንድ ጣቢያ መረጃ አስተማማኝ ፍጥነት እንዲሰጥ፣ የክረምቱ ዝናብና የወቅቶች መለዋወጥ የሚያመጡት የየዓመቱ ንቅናቄ ከፕሌቱ ጉዞ እንዲለይ፣ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል መቆየት አለበት፤ ከክስተት በኋላ ያለውን እርጋታ ለማየት ደግሞ ከዚያ በብዙ ይረዝማል። የምርምር ፕሮጀክት ግን ብዙ ጊዜ ሦስት ወይም አምስት ዓመት ነው። ገንዘቡ ሲያልቅ ባትሪው የሚለወጥበት በጀት፣ የመስክ መኪናው ነዳጅ፣ የዘበኛው ደሞዝ አብረው ያልቃሉ፤ ጣቢያውም በጣም በሚፈለግበት ወቅት ሊቆም ይችላል።

ክስተቱ በዓለም ዜና ሲሰራጭ አፍሪካ ለሁለት እየተከፈለች ነው፣ በቅርቡ አዲስ ውቅያኖስ ይፈጠራል የሚል ዘገባ ተሰምቶ ነበር፤ እስከ ዛሬም በየማኅበራዊ ሚዲያው ይመላለሳል። የልኬቱ መልስ ግልጽ ነው። ስንጥቁ የባሕር ወለል በሚፈጠርበት መንገድ መከፈቱ እውነት ነው፣ ሳይንቲስቶችን ያስደነቃቸውም ይህን በደረቅ መሬት ላይ ቆሞ ማየት መቻሉ ነው፤ በዓመት በሚሊሜትር የሚቆጠረው ፍጥነት ግን ውቅያኖስን ለሚሊዮን ዓመታት ያዘገየዋል። ሕዝብ የሚደናገጠውም የሚዘናጋውም ቁጥር ሲጠፋ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲከሰት፣ በየካቲት ወርም መጠኑ እስከ 6.0 የደረሰ መንቀጥቀጥ ሲመዘገብ፣ በአፋር፣ በኦሮሚያና በአማራ ክልሎች በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተነሱ። የራዳር ሳተላይቶች በዚህ ጊዜም ቅልጥ አለት ከሥር እንደገባ አሳዩ። ሴንቲኔል-1 የተባለው አዲሱ የአውሮፓ ራዳር ሳተላይት በተመሳሳይ መስመር የሚመለሰው በ12 ቀን ስለሆነ ከኤንቪሳት 35 ቀን ጋር ሲነጻጸር ትልቅ መሻሻል ነው። ነገር ግን በአዋሽና በመተሐራ የነበረው ሰው፣ የከሰም ግድብን የሚጠብቀው መሐንዲስ ጭምር፣ ጥያቄው የ12 ቀን አልነበረም። ዛሬ ማታ ቤቴ ልደር ወይስ አልደር፣ ስንጥቁ ወደ ግድቡ እየመጣ ነው ወይስ ቆሟል የሚል ነበር። ለዚህ መልስ ሊሰጥ የሚችለው መረጃውን በየሰዓቱ የሚልክ፣ ከመንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጎን የቆመ ቋሚ ጣቢያ ነው።

ከዳባሁ ጉዳይ ለሥራ የሚሆኑ ጥቂት ነገሮች ይወጣሉ። ጣቢያዎች ገሞራው ከነቃ በኋላ ከሚተከሉ ይልቅ በየስንጥቁ ክፍል ግራና ቀኝ ቢያንስ ጥንድ ሆነው አስቀድመው መቆም አለባቸው፤ አንድ ብቻውን የሆነ ጣቢያ መፈናቀሉን ይለካል እንጂ መከፈቱን አይለካም። የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት በደረሰበት ሁሉ መረጃው በዚያ መስመር ወዲያው ወደ አዲስ አበባ መላክ ይኖርበታል፤ ሰው በወራት አንዴ ሄዶ የሚገለብጠው መረጃ ለምርምር ይበቃል፣ ለማስጠንቀቂያ ግን ይዘገያል። ለከተማ ካርታና ለመሬት ይዞታ ልኬት የሚተከሉ ቋሚ ጣቢያዎችም በሕንፃ ጣሪያ ላይ ከመታሰር ይልቅ በተቻለ መጠን አለት ላይ ቢቆሙና ጥሬ መረጃቸው ለተመራማሪዎች ክፍት ቢሆን፣ ተጨማሪው ወጪ ትንሽ ሆኖ ሳለ የአገሪቱ የመለኪያ መረብ በብዙ ይሰፋል። የጥገና በጀቱ ደግሞ ከውጭ ፕሮጀክት ወጥቶ እንደ ሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ ሁሉ በመደበኛ የመንግሥት በጀት ውስጥ መግባት ይገባዋል። ለእያንዳንዱ ጣቢያ በአቅራቢያው የሚኖር፣ ፓኔሉን የሚጠርግ፣ መብራቱ ሲጠፋ የሚደውል አንድ የአካባቢ ሰው በቋሚነት መመደብም ይኖርበታል፤ ይህ ሰው የአፋርኛ ተናጋሪ ቢሆን ጣቢያው የሚያየውን ለጎረቤቶቹ በዳጉ ያደርሳል፣ እነሱ ያዩትን ጭስና የሰሙትን ድምፅም ለባለሙያዎቹ ይመልሳል።